የማይታየው የቤት ውስጥ ሸክም፦ ሥራውን ማን ይሠራዋል? ማንስ ያስበዋል?

በሆሳዕና ከተማ ባልና ሚስቱ ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑበትን ቤት ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ሁለቱም ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ በየመሥሪያ ቤታቸው መገኘት ይጠበቅባቸዋል። ባል 1 ሰዓት ላይ ይነሣል፤ ፊቱን ታጥቦ፣ የቀረበለትን ቁርስ በልቶና ለብሶ ይወጣል። ሚስት ግን ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እሳት አያይዛለች፣ ቁርስ አሰናድታለች፣ ልጆቹን ቀስቅሳ አልብሳለች፣ የቤት ሥራቸውን አይታለች፣ ምሳቸውን ቋጥራለች። ከቢሮዋ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የሥራ ቀኗን ከባሏ እኩል የጀመረች ትመስላለች፤ በእርግጥ ግን ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ሥራ ሠርታ ነው የመጣችው።

ቢሮ ከገባች በኋላም ቤቷ ከሐሳቧ አይወጣም። የቀረው ቆጮ እስከ ቅዳሜ ገበያ ይደርስ እንደሆነ፣ የትንሹ ልጅ ክትባት የሚውልበትን ቀን፣ ያልተከፈለውን የኢድር መዋጮ፣ የአማቷን መድኃኒት፣ እሑድ የሚመጡትን እንግዶች በልቧ ይዛ ትውላለች። ባልም ቢሆን ለቤተሰቡ ግድ የሌለው ሰው አይደለም፤ ሲጠየቅ የተጠየቀውን ይፈጽማል። ነገር ግን እስኪጠየቅ ድረስ ይጠብቃል። በብዙ ቤቶች በባልና በሚስት መካከል ያለው ዋነኛ ልዩነት የሚገኘውም በዚህ በመጠየቅና በመጠበቅ መካከል ነው።

በቤት ውስጥ የሚከናወነው ሥራ ሁለት ገጽታዎች አሉት። አንደኛው በእጅ የሚሠራውና በዓይን የሚታየው ሲሆን ምግብ ማብሰልን፣ ልብስ ማጠብን፣ ውኃ መቅዳትን፣ ሕፃንና በሽተኛ መንከባከብን ያጠቃልላል። ሁለተኛው በአእምሮ የሚሠራው ነው። ይህም የቤተሰቡን ፍላጎት አስቀድሞ ማሰብ፣ ማቀድ፣ ማስታወስና መከታተል ሲሆን፣ ድካሙ በዓይን ስለማይታይ እንደ ሥራ ሳይቆጠር የሚቀረው በአብዛኛው ይኸው ነው።

አሜሪካዊቷ የሥነ ኅብረተሰብ ተመራማሪ አሊሰን ዳሚንገር እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት ይህን የአእምሮ ሥራ በአራት ደረጃዎች ከፍለው አሳይተዋል። እነዚህም የሚያስፈልገውን ነገር ቀድሞ መገመት፣ አማራጮችን ማፈላለግ፣ ውሳኔ መስጠትና አፈጻጸሙን መከታተል ናቸው። በ35 ጥንዶች ላይ የተካሄደው ይህ ጥናት እንደሚያመለክተው ባልና ሚስት በውሳኔ መስጠቱ ላይ በአብዛኛው አብረው ይገኛሉ። ቀድሞ የመገመቱና የመከታተሉ ድርሻ ግን በይበልጥ የሚወድቀው በሴቷ ላይ ነው። ጥናቱ የተካሄደው በአሜሪካ ይሁን እንጂ፣ «በቤታችን ሁሉንም የምንወስነው ተመካክረን ነው» በሚባልባቸው የሀገራችን ቤቶችም ምክክሩ የሚደረግበትን ጉዳይ አስታውሶ የሚያነሣው ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ይረዳል።

በእጅ የሚሠራውን ሥራ በሚመለከት በሀገር አቀፍ ደረጃ የተሰበሰበ መረጃ አለ። የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ያካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት እንደሚያሳየው፣ ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሴቶች ከጊዜያቸው 19.3 በመቶ ያህሉን ክፍያ በሌለው የቤት ውስጥና የእንክብካቤ ሥራ ያሳልፋሉ። የወንዶቹ ድርሻ 6.6 በመቶ ነው። በሰዓት ሲሰላ ሴቶች በቀን ወደ 4 ሰዓት ከ38 ደቂቃ፣ ወንዶች ደግሞ ወደ 1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይሠራሉ ማለት ነው። ሁኔታው በሀገራችን ብቻ የሚታይ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ክፍያ ለሌለው የእንክብካቤ ሥራ ከሚውለው ሰዓት 76.2 በመቶ የሚሆነውን የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው። እነዚህ አኃዞች በዋናነት የእጅን ሥራ የሚለኩ ናቸው። በቢሮዋ ሆና የቤቷን አስቤዛ በልቧ የምታሰላ ሴት በዚያ ሰዓት የምትመዘገበው በቢሮ ሠራተኛነቷ ብቻ ነው።

ለዚህ የሥራ ክፍፍል መሠረት የሆነው አመለካከት «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» በሚለው ነባር አባባል ይገለጻል። አመለካከቱ በአንድ ወቅት የሕግ ድጋፍም ነበረው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። ባል ለሚስቱ አገልጋይ ማቆም የማይችል ከሆነም የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ ይጥልባት ነበር። በሌላ አነጋገር የቤት ውስጥ ሥራ በሕግ የተጻፈ የሚስት ግዴታ ነበር።

ይህ ድንጋጌ ዛሬ የለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው አረጋግጧል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ደግሞ ተጋቢዎች የመከባበር፣ የመተጋገዝና የመደጋገፍ ግዴታ እንዳለባቸው፣ በቤተሰባቸው አስተዳደርም እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በጋብቻ ዘመን በሁለቱም የግል ጥረት የተገኘ ገቢ የጋራ ሀብት እንዲሆን መደረጉም፣ ደመወዝ የማታመጣ ሚስት በቤት ውስጥ የምትሠራው ሥራ ለሀብቱ መገኘት ድርሻ እንዳለው የሚያሳይ ነው። የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቶ ነበር። ሕጉ ተለውጧል፤ የማጀቱ ልማድ ግን በሕጉ ፍጥነት አልተለወጠም።

ልማዱ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ለመረዳት በሀዲያና በከምባታ ከእንሰት የተሻለ ማሳያ የለም። እንሰት በደቡባዊና በደቡብ ምዕራባዊ የሀገሪቱ ክፍሎች 20 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ ዋና ወይም ተጓዳኝ ምግብ ነው። ወንዶች መሬቱን ቆፍረው ችግኙን ያፈላሉ፣ ከቦታ ቦታ እያዛወሩም ይተክላሉ። ተክሉ ለምግብነት የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ከደረሰ በኋላ ያለው ሥራ ግን የሴቶች ነው። ግንዱን ይፍቃሉ፣ ቃጫውን ይለያሉ፣ ሥሩን ይከትፋሉ፣ ቡላውን ያጠልላሉ፣ የተፋቀውንም ጉድጓድ ውስጥ በእንሰት ቅጠል ሸፍነው ያብላላሉ። አድካሚ በመሆኑ ሴቶች በደቦ ተሰባስበው ይሠሩታል። በእንሰት አብቃይ አካባቢዎች በነበረው ልማድ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ በአጠገባቸው መገኘቱ እንደ ነውር ይታይ ነበር።

በዚህ ሥራ ውስጥ የማይታየው ክፍል ዕቅዱ ነው። የትኛው ተክል እንደደረሰ፣ ለቤተሰቡ በዓመት ስንት እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ጉድጓድ መቼ እንደሚከፈት፣ እንግዳ ወይም ለቅሶ ቢመጣ የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ በቃሏ ይዛ የምታስተዳድረው ሴቷ ናት። በሌላ የሥራ መስክ ቢሆን ይህ የክምችት አስተዳደር ተብሎ ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ልዩ ልዩ ተቋማት የእንሰት ዝግጅትን የሚያቀሉ መሣሪያዎችን ለማፍለቅ ሠርተዋል። ጥረቱ የክንድን ድካም ለመቀነስ ይጠቅማል፤ የጉድጓዶቹን ተራ የማስታወሱ ኃላፊነት ግን በመሣሪያ የሚቀል አይደለም።

በአንጻሩ የዘመን መለወጫና የመስቀል በዓል ዝግጅት የአካባቢው ባህል ኃላፊነትን መከፋፈል እንደማይሳነው ያመለክታል። በሀዲያ ያሆዴ፣ በከምባታ መሳላ በሚባሉት በዓላት እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የታወቀ ድርሻ አለው። አባቶች ለሰንጋ መግዣ ከወራት በፊት ተቧድነው ይቆጥባሉ፣ እናቶች ቅቤ ያጠራቅማሉ፣ ቡላውን ያዘጋጃሉ፣ ወጣቶች እንጨት ይፈልጣሉ፣ ልጃገረዶች ቤት ያስውባሉ። አባወራው የሰንጋውን ጉዳይ እንዲያስታውሰው ሚስቱን አይጠብቅም። ገንዘቡን፣ ቀኑንና የቡድኑን አባላት ራሱ ያስባል፣ ራሱ ይከታተላል። አታካና ለመሥራት የሚያስፈልገውን ቅቤ ደግሞ እናት ታስባለች። ለበዓሉ የሚሠራው ይህ አሠራር ለቀሩት የዓመቱ ቀናት የማይሠራበት ተፈጥሯዊ ምክንያት የለም።

ወንድ ማጀት መግባት አይችልም የሚለውም አባባል በከተሞች ሲፈተሽ አይጸናም። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በሺንሺቾ በሆቴሎችና በምግብ ቤቶች ወጥ የሚሠሩ ወንዶች ይገኛሉ። በድንጋይ ወፍጮ እህል መፍጨት ለዘመናት የሴት ሥራ ሆኖ ሳለ፣ የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ሥራው የወንድ ሆነ። ውኃ በጀርባ ተሸክሞ ወደ ቤት ማምጣት የሴት ሲሆን፣ በጋሪ ጭኖ መሸጥ ግን የወንድ ነው። ከዚህ መረዳት የሚቻለው አንድን ሥራ የሴት የሚያደርገው የሥራው ባሕርይ ሳይሆን በአብዛኛው ክፍያ የሌለው መሆኑ ነው።

የከተማ ኑሮ ሸክሙን በከፊል አቅልሎታል። የቧንቧ ውኃ፣ ኤሌክትሪክና ወፍጮ በደረሱበት ቤት ሴቶች በእርግጥ ጊዜ አትርፈዋል። ይሁን እንጂ በብዙ ባለደመወዝ ቤተሰቦች ሸክሙ የቀለለው በባልና በሚስት መካከል ተከፍሎ ሳይሆን፣ ከገጠር ለመጣች ወጣት የቤት ሠራተኛ ወይም ዘመድ ተላልፎ ነው። ሠራተኛዋን የማፈላለጉ፣ የማሠልጠኑ፣ የመከታተሉና ስትሄድ የመተካቱ ኃላፊነት አሁንም የሚስት ነው። ማታ ልታጠና የሚገባት የዘመድ ልጅ ዕቃ ስታጥብ ስትታይም፣ የቤት ሥራ ክፍፍል የትምህርት ጉዳይ ጭምር መሆኑ ግልጽ ይሆናል።

የስደት ሁኔታ ጉዳዩን በሌላ በኩል እንድናየው ያደርጋል። ሀዲያና ከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ በርካታ ወጣቶች፣ በአብዛኛውም ወንዶች፣ የሚሰደዱባቸው አካባቢዎች ናቸው። ባል በሄደበት ቤት ሚስት የልጆች እናት፣ የተላከው ገንዘብ አስተዳዳሪ፣ የሚሠራው ቤት ተቆጣጣሪና የቤተሰቡ ተወካይ ትሆናለች። የወንድ ናቸው ይባሉ የነበሩ ጉዳዮችን ሴቶች ሲያከናውኑ ኅብረተሰቡ ተቀብሎታል፤ ችሎታቸውም ተረጋግጧል። ወደ አረብ አገሮች የሄደችው ሚስት በሆነች ጊዜ ግን ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ይለያል። ልጆቹና ማጀቱ ወደ ባል ሳይሆን ወደ አያት፣ ወደ አክስት ወይም ወደ ትልቋ ሴት ልጅ ይተላለፋሉ። ሴቷ የወንዱን ድርሻ ስትወስድ አስገዳጅ ሁኔታ ይባላል፤ ወንዱ የሴቷን ድርሻ ሲወስድ ግን «ሴታሴት» የሚል ስም ይሰጠዋል። በሥራ ክፍፍሉ ላይ ለውጥ እንዳይመጣ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይህ የሐሜት ፍርሃት ነው።

ልማዱ ከስያሜም አልፎ ወደ ጥቃት የሚያመራበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ከተጠየቁት ሴቶች 63 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 28 በመቶ የሚሆኑት ባል ሚስቱን መምታቱ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች ቢያንስ በአንዱ ተገቢ ነው ብለዋል። ከምክንያቶቹ መካከል ምግብ ማሳረርና ልጆችን በሚገባ አለመንከባከብ ይገኙበታል። ድርጊቱን ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች ከወንዶቹ መብለጣቸው፣ ሴቶች ራሳቸው ግዴታውን ምን ያህል እንደተቀበሉት የሚያስረዳ ነው።

ጉዳዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን በቀጥታ የሚመለከትባቸው ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው የሰው ኃይል ጉዳይ ነው። ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚጠራ ስብሰባ፣ ለሳምንታት ከቤት የሚያርቅ ሥልጠና ወይም የመስክ ሥራ፣ ቅዳሜና እሑድ የሚሰጥ የማታ ትምህርት ማጀቱን የሚተካለት ላለው ሠራተኛ ዕድል ነው፤ ለሌላት ግን እንቅፋት ነው። በኋላ የደረጃ ዕድገት ሲወዳደሩ የእርሷ ማኅደር የሚሳሳው ችሎታ አጥታ ሳይሆን ጊዜ አጥታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ በሆነችው ሆሳዕና የክልል ቢሮዎች ሲከፈቱ፣ ለቦታዎቹ የሚወዳደሩ ሴት ባለሙያዎች ጉዳይ ከዚህ ተነጥሎ አይታይም።

ሁለተኛው ምክንያት መንግሥታዊ አገልግሎቶች ራሳቸው ሸክሙን ለእናት ብቻ የሚሰጡ መሆናቸው ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና በማሻሻል ረገድ ትልቅ ውጤት አስገኝቷል። ይሁን እንጂ ለጽዳት፣ ለክትባትና ለሥርዓተ ምግብ ትምህርት የምትጠራው በአብዛኛው እናት ናት። በኋላ የተደራጀው የሴቶች የልማት ቡድንም ክፍያ የሌለው ተጨማሪ የማስተባበር ኃላፊነት አስከትሏል። ልጅ በትምህርት ቤት ሲታመም የሚደወለውም ለእናት ነው። መልእክቱ ለእናት ብቻ ከተላከ፣ የማስታወሱ ኃላፊነትም የእርሷ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የሕግ ድንጋጌዎችም በዚህ ረገድ ሊፈተሹ ይችላሉ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ሚስቱ ለወለደች ሠራተኛ 10 የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ሰጥቶ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጠው 3 ቀን ነው። በሁለቱም ሕጎች እናት ከወሊድ በኋላ የምታገኘው 90 ቀን ነው። እናት ከወሊድ ማገገም ስላለባት የጊዜው መራራቅ የሚያስገርም አይደለም። ሆኖም የአባት ቀናት አጭር መሆናቸው፣ ሕፃኑን የማወቁ ሥራ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ለእናት እንዲተው ያደርጋል። አዋጅ ቁጥር 1064/2010 በመሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲቋቋም ሲደነግግም ዓላማው ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን እንዲንከባከቡ ማስቻል ነበር። በማቆያው አባቶችም ልጆቻቸውን እንዲያመጡ ማበረታታት ከበጀት ይልቅ የአመለካከት ጉዳይ ነው።

ብዙ ወንዶች ይህን ጉዳይ ሲሰሙ ሚስቶቻቸውን እንደሚረዱ ይናገራሉ። መርዳት መልካም ቢሆንም ከመካፈል ይለያል። የሚረዳ ሰው ሥራው የሌላ መሆኑን ተቀብሏል ማለት ነው። «ምን ልሥራ?» ብሎ ሲጠይቅም የማሰቡን ድርሻ መልሶ ለሚስቱ ይሰጣል። ባለትዳሮች ኃላፊነትን በእርግጥ ሊካፈሉ የሚችሉት አንድን ሥራ ከሐሳቡ እስከ ፍጻሜው ሲረከቡ ነው። የልጆች ትምህርት የባል ድርሻ ከሆነ፣ የወላጆችን ስብሰባ ቀን ማወቅ፣ ደብተር መግዛት፣ የቤት ሥራ ማየትና ከመምህር ጋር መነጋገር ሁሉ የእርሱ ይሆናል ማለት ነው። ሚስትም በበኩሏ የተረከበውን ሥራ በራሱ መንገድ እንዲፈጽም መተው ይኖርባታል። የገቢ ማግኘት ጭንቀት በባል ላይ ብቻ የወደቀበት ቤትም ቢሆን ይኸው መርህ ይሠራል፤ ያም የሐሳብ ሸክም በመሆኑ ሊካፈሉት ይገባል።

ልማድ ሊለወጥ ይችላልን? ለሚለው ጥያቄ ከምባታ ራሷ ምላሽ አላት። በከምባታ ዛቶ በተባለች መንደር የተወለዱት ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በልጅነታቸው ውኃ ለመቅዳት የወጡ መስለው በድብቅ ትምህርት ይከታተሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ጋር ከምባቲ መንቲ ጌዝማ የተባለውን፣ ትርጉሙ የከምባታ ሴቶች በአንድነት መቆም የሆነውን ድርጅት መሠረቱ። ሥራቸውን የጀመሩት ሕዝቡ አስቀድሞ የጠየቀውን ድልድይ በመሥራት ነበር። ከዚያም ወንዶችና ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ወጣቶች በአንድነት የሚነጋገሩበትን የማኅበረሰብ ውይይት አስፋፉ። በዚህ ውይይት የሴት ልጅ ግርዛት፣ ከዚያ በፊት ሊነካ የማይችል ይመስል የነበረ ልማድ፣ በአካባቢው በእጅጉ ቀነሰ። ዶክተር ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2013 የቤልጂየሙን የንጉሥ ባውዱዌን ሽልማት ተቀብለዋል። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

በአማራ ክልል ፎገራ ወረዳ የሚገኘው፣ በ1964 ዓ.ም. በክቡር ዶክተር ዙምራ ኑሩ የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብም ሌላው ማሳያ ነው። በዚያ ሥራ በጾታ ሳይሆን በችሎታ የሚከፋፈል ሲሆን፣ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይጋግራል። የሁለቱም ተሞክሮዎች የሚያስተምሩት ልማድ በመመሪያ ብቻ እንደማይለወጥ፣ ሰዎች ፊት ለፊት ሲነጋገሩበትና የሚያከብሯቸው ሰዎች ቀድመው ሲፈጽሙት ግን እንደሚለወጥ ነው።

በመሆኑም በሀዲያና በከምባታ ዞኖች የሚገኙ ኃላፊዎችና ሠራተኞች ሊጀምሯቸው የሚችሉ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎች አሉ። ስብሰባን በሥራ ሰዓት ማድረግ፣ የሥልጠና ጥሪን አስቀድሞ ማሳወቅ፣ በጤና ጣቢያና በትምህርት ቤት መዝገብ የሁለቱንም ወላጆች ስልክ መያዝ፣ ለሥርዓተ ምግብና ለክትባት ትምህርት አባቶችን መጥራት ከእነዚህ መካከል ናቸው። የሀገር ሽማግሌዎች፣ ኢድሮችና በአካባቢው ሰፊ ተደማጭነት ያላቸው አብያተ ክርስቲያናትም ለሚጋቡ ወጣቶች በሚሰጡት ምክር ጉዳዩን ማንሣት ይችላሉ።

በቤት ውስጥ ደግሞ እርምጃው ከአንድ ምሽት ውይይት ሊጀምር ይችላል። ባልና ሚስት በቤታቸው የሚሠሩትን ብቻ ሳይሆን የሚታሰቡትንም ጉዳዮች ቢዘረዝሩ፣ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት የማን ስም እንደሚጻፍ ያያሉ። ዝርዝሩን ሲጨርሱ አንደኛው ወገን ሲደነቅ ሌላኛው ወገን አይደነቅም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ለአንዲት ሴት የከበደው የቤት ሐሳብ ለሁለት ሲካፈሉት የትዳር ጌጥ ይሆናል።